መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ እጅ

(በማኅበራችን ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱን ሰምታችኋል። አሁን የምናገረው በሪፖርቱ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ስለያዘ ነገር ነው፤ ስለ ላቫጆአችን። የሒሳብ ሠራተኛዋን መኪና ማጠብ ምን አገባት እንዳትሉኝ። ደረሰኙ በእኔ እጅ ስለሚያልፍ የትኛው ደንበኛ እንደቀረ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። በቅርቡ ከቀሩብን መካከል ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ መኪና የሚነዱት ይበዛሉ። አንደኛውን አግኝቼ ምነው ጠፉ ብላቸው አልተቆጡም፤ መኪናቸውን ፀሐይ ላይ አቁመው «እስቲ እዪው» አሉኝ። ኮፈኑ ላይ ፀሐይዋ ባረፈችበት ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቶታል።

ይህን ያመጣው ስንፍና አይደለም። ላቫጆ ላይ የሚሠሩት እህቶቻችን ከማንም በላይ ጠንክረው ያሻሉ። ጭረቱ የመጣውም ከዚያው ከማሸቱ ነው። እንዴት እንደሆነ ቀለም ቀቢ የሆነው የእህቴ ባል ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

የመኪና ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ብረቱ ላይ ፕራይመር አለ፣ ከእሱ በላይ ቀለሙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሊር የሚሉት፣ ራሱ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን አለ። እኛ የምንነካው ክሊሩን ነው። ውፍረቱ በብዙ መኪና ላይ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። አንድ ሚሊሜትር ለ1,000 ሲከፈል አንዱ ማይክሮን ይባላል። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ማንጸባረቅ ያለው ከአንድ ፀጉር በሚሳሳ ሽፋን ላይ ነው።

ሽፋኑ በሁሉም መኪና ላይ እኩል አይጠነክርም። የቀለም ሰዎች የጃፓኖቹን፣ ማለትም ቶዮታን፣ ሆንዳንና ሱባሩን፣ ለስላሳ ይሏቸዋል፤ የጀርመኖቹን ጠንካራ። መርሴዲስማ እ.ኤ.አ. በ2003 ጭረትን እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራ ክሊር ይዞ ወጥቷል። በአገር ስም ብቻ ግን አይፈረድም፤ አንዱ ፋብሪካ ራሱ ከቀለም ቀለም ይለያያል። እዚህ ከተማችን ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ስንቱ መኪና ተጋጭቶ በሩ ወይም ፓራፋንጎው እንደገና ተቀብቷል! አዲስ የተቀባ ቦታ እስኪደርቅና እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ መኪና ላይ ጠንካራም ለስላሳም ቦታ ሊኖር ይችላል። ከእኛ በር የሚገባው አብዛኛው ቪትዝና ኮሮላ ስለሆነ፣ ሁሉንም ለስላሳ ነው ብለን ብንይዝ አንከስርም።

ነጭ መኪና ያላቸው ደንበኞች ስላልቀሩብን ነጩ አልተጫረም ማለት አይደለም። እኩል ይጫራል፤ አይታይም እንጂ። የጭረቱ ጠርዝ ብርሃን ሲመልስ በጥቁር ላይ ያበራል፣ በነጭ ላይ ይጠፋል። ክብ መስሎ የሚታየውም ሁልጊዜ እጃችን ስለዞረ አይደለም። ጭረቱ በየአቅጣጫው የተሰመረ ሆኖ፣ ለብርሃኑ አግድም የሆነው ብቻ ስለሚያበራ ዓይናችን ክብ ያየዋል። አንዳንዶች «ቀጥ አድርጋችሁ ካሻችሁ አይጫርም» ይላሉ። ቀጥ ማድረጉ ጥሩ ነው፤ ግን በጨርቁ ውስጥ አሸዋ ካለ ቀጥ ያለ ጭረት ነው የምታገኙት።

ዋናው ጠላት አሸዋው ነው። በበጋ የከተማችን አቧራ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ለምሳ አቧራ ለብሶ ይጠብቃል። በየቦታው የሚፈርሰውና የሚገነባው ሕንፃ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ የድንጋይ ብናኙን መኪና ላይ ያሳርፋል። የድንጋይ ቅንጣት ከክሊሩ በእጅጉ ይጠነክራል። መነጽር የምታደርጉ እናቶች ታውቁታላችሁ፤ የፕላስቲክ መነጽር በደረቅ ነጠላ ጫፍ ሲጠረግ ውሎ አድሮ ይደበዝዛል። መስተዋቱን የቧጨረው ነጠላው አይደለም፤ ነጠላውና መስተዋቱ መካከል የገባው አቧራ ነው።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሣል፤ እጅ ከመንካቱ በፊት አሸዋው በውኃ ይውረድ። መኪናው ጥላ ሥር ይቁም፣ ኮፈኑ ይቀዝቅዝ። ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች በደንብ ውኃ ይውረድበት። በግፊት ማሽኑ ስንሠራ አፈሙዙ ከቀለሙ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ተጠግቶ ከተመታ በተለይ ዳግም የተቀባውን ቦታ ይልጠዋል። ከዚያ በኋላ ነው ጨርቅ የሚነሣው። ባልዲው ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው ንጹሕ ውኃ። ጨርቁ አንድ በር ካሸ በኋላ ወደ ሳሙናው አይመለስም፤ በንጹሕ ውኃው ይለቅለቅና ይጨመቅ፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይግባ። አሁን በአንድ ባልዲ ስንሠራ ከመጀመሪያው በር የወረደውን አሸዋ ሁለተኛው በር ላይ መልሰን እያሸነው ነው። ባልዲው ሥር ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ወንፊት ቢቀመጥ አሸዋው ከታች ዘቅጦ ይቀራል። የጎማና የቸርኬ ጨርቅ ለብቻው ይሁን፤ በምንም ምክንያት ወደ ኮፈን አይውጣ። መሬት የወደቀ ጨርቅም ሳይታጠብ አይነሣ።

ስለ ጨርቁ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቡ የሚወጣው እዚህ ነውና። አሮጌ ካናቴራ ነጻ ስለሆነ እንወደዋለን። ስፌቱም ቁልፉም ይቧጭራል፣ አሸዋውንም ፊቱ ላይ ይዞ ይጎትታል። ማይክሮፋይበር ፎጣ ጭገሩ ደቃቅ ስለሆነ ቅንጣቷን ወደ ውስጥ ይስባታል። ግን እንደ ማንኛውም ጨርቅ ከተያዘ ዋጋ የለውም፤ ከሌላ ልብስ ጋር አይታጠብም፣ የልብስ ማለስለሻ አይነካውም፣ አቧራ ላይ አይሰጣም። ለማድረቅ ሲሆን ማሸት አያስፈልግም፤ ፎጣውን አልብሶ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃል። የዱቄት ሳሙናውንም እንተወው፤ ያልሟሟው ቅንጣት ራሱ ይቧጭራል።

«ውኃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሁለት ባልዲ ከየት አምጥተን?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የጀሪካኑን ወጪ አይቼዋለሁ። ትርፉ ውኃ ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን አይሞላም። በሌላው ወገን ጭረቱን ለማጥፋት ያለው መንገድ ፖሊሽ ነው። ፖሊሽ ደግሞ ጭረቱን አይደፍነውም፤ ዙሪያውን ያለውን ክሊር ልጦ እኩል ያደርገዋል። ከዚያች ከፀጉር ከምትሳሳው ሽፋን በየጊዜው ጥቂት ማይክሮን ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። ክሊሩ ካለቀ እንደገና መቀባት ነው። ያንን ወጪ ደንበኛው ይችላል እንጂ እኛ አንችለውም፤ እሱም ከቻለ በኋላ ወደ እኛ አይመለስም።

ደንበኞቻችንም የድርሻቸውን ይቧጭራሉ፤ ይህን በትሕትና ብንነግራቸው አይከፋቸውም። ማታ ማታ አቧራ የጠጣ መኪና ላይ ሸራ ያለብሳሉ፤ ንፋስ ሲመታው ሌሊቱን ሙሉ ሲያሽ ያድራል። መኪና ማቆሚያ ላይ ልጆቹ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ሲያራግፉ ጉርሻ ይሰጣሉ። (ጉርሻውን ይስጡ፤ ጨርቁን ግን ያስቀሩ።) እኛም ብንሆን ቀለበትና አምባር አውልቀን እንሥራ። ሴራሚክ የሚባለውን ቅብ ጭረት አይነካውም ብለው የሚሸጡ አሉ። ቆሻሻ ቶሎ እንዲለቅና ጥቂት እንዲቋቋም ያደርጋል፤ በአሸዋ ሲታሽ ግን እሱም ይጫራል። ስለዚህ ደንበኛ ሲጠይቀን ያልሆነውን ቃል አንግባ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ደጋፊዎቻችን ሁለተኛ የግፊት ማሽን ሊገዙልን እንዳሰቡ ሰምተናል፤ ምስጋናችን ከልብ ነው። እኔ ግን ጉባኤው ሌላ እንዲለምን አሳስባለሁ። ያለን አንድ ማሽን ውኃ በማይኖርበት ቀን ቆሞ ይውላል፤ ሁለተኛው ቢመጣ ሁለት ሆነው ይቆማሉ። ያንኑ ገንዘብ አንድ ትልቅ ሮቶ፣ ክዳን ያላቸው ባልዲዎች፣ ለእያንዳንዷ ሠራተኛ በቀለም የተለየ የኮፈንና የጎማ ፎጣ፣ ከላይም የጥላ ቆርቆሮ ብናደርገው ይሻላል። የዋጋ ማቅረቢያዎቹን ሰብስቤ ከሪፖርቱ ጋር አያይዣቸዋለሁ፤ አንብባችሁ ወስኑ።

ያልኩትን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ከቀለም ቤት የተጣለ ጥቁር በር አስመጥቼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አቁሜዋለሁ። ግራው በደረቅ ጨርቅ የታሸ ነው፣ ቀኙ እንደነገርኳችሁ የታጠበ። ሻይ እየተቀዳ ሳለ ወጣ ብላችሁ እዩት። ፎጣዎቹም አጠገቡ አሉ፤ ንኳቸው፣ ግን መሬት አትጣሉብኝ።