አማርኛችን ለምን ሳጥን ሆኖ ወጣ?



አምና የስግድ ጥሪያችንን በሁለት ቋንቋ ጽፈን ማተሚያ ቤት ወሰድን። ዕብራይስጡ ጥርት ብሎ ወጣ፤ አማርኛው ግን ባዶ ሳጥን ብቻ። ጥሪው ደግሞ ለናንተ ለወላጆቻችን ነበር!

ፕሪንተሩን ወቀስን እንጂ ጥፋቱ የኛ ነው። ፕሪንተር ራሱ የያዘው ጥቂት ፎንት ነው፣ እሱም ባብዛኛው የላቲን። ሌላውን ኮምፒውተሩ ይልክለታል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ እያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር አለው፤ መልኩን የሚሰጠው ግን ፎንቱ ነው። ፋይሉ የተከፈተበት ኮምፒውተር የግዕዝ ፎንት ካላገኘ በ«ሀ» ፈንታ ሳጥን ይልካል፤ ፕሪንተሩም የተላከለትን ያትማል።

ዘንድሮ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርገን ፎንቱን አብረን አስገባንበት። ጥሪው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ስትወጡ አንብቡልን። ግድፈት ካገኛችሁ በፕሪንተሩ አናሳብብም።