የመኪና ጭስ ማጣሪያ ሊጠገን የሚችል ይሁን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



 ዕድሜያችን ለጋ፣ ዕውቀታችንም ጥቂት መሆኑን አንዘነጋም። ነገር ግን ያስተማራችሁን ሳይንስ በደብተር ላይ ብቻ እንዲቀር ስላልፈለግን፣ በየቀኑ በዓይናችን ስለምናየውና በአፍንጫችን ስለምንስበው ስለ መኪና ጭስ ጥቂት ቃል ለማሰማት ወደድን። የነገራችን ፍሬ ይህ ነው፤ ጭስን የሚያጣራ መሣሪያ በፋብሪካ ተሠርቶ በመኪና ላይ መገጠሙ ብቻ አይበቃም። የአሰላ መካኒክ ሊፈታው፣ ሊያጸዳውና መልሶ ሊያስረው ካልቻለ መሣሪያው አንድ ቀን ተቆርጦ ይጣላል።

ከተማችን አሰላ በጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት። ከአዳማ ተነሥቶ በአዋሽ መልካሳ፣ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ እኛ የሚመጣው መንገድ ከአዋሽ ሸለቆ እስከ አሰላ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ከእኛም አልፎ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ ይዘልቃል። የአርሲ ስንዴና ገብስ በዚህ መንገድ ይወርዳል፤ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶና የሱቅ ዕቃ በዚሁ መንገድ ይወጣል። በመከር ወራት ደግሞ ኮምባይነሮች ከእርሻ ወደ እርሻ ይጓዙበታል። ዳገቱን የሚወጣ አሮጌ ካሚዮን ከበስተኋላው የሚለቀውን ጥቁር ጭስ ያላየ ከመካከላችን ያለ አይመስለንም።

በዚሁ መንገድ ዳር ማለዳ ማለዳ ወጣቶች ይሮጣሉ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከበቆጂና ከአካባቢዋ የወጡ ናቸው። የሚሮጥ ሰው ከተቀመጠ ሰው ይልቅ ብዙ እጥፍ አየር ወደ ሳንባው ያስገባል። ስለዚህ አገራችንን በዓለም ፊት ያስከበረው የደጋ አየር በጭስ ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት አይገባም።

ጭሱ በደጋ የሚበዛበት ምክንያት ምንድን ነው? በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተረዳነው፣ በ2400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ግፊት ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተር አንድ ጊዜ አየር ሲስብ የሚያገኘው ኦክሲጅን በሩብ ያህል ያንሳል። የነዳጁ መጠን በዚያው ልክ ካልተቀነሰ ትርፉ ነዳጅ ሳይቃጠል፣ ወይም በከፊል ብቻ ተቃጥሎ ይወጣል። አዲስ መኪና የአየሩን ግፊት ለክቶ ነዳጁን ራሱ ይቀንሳል፤ ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪናና ፖምፓው በብሎን የሚስተካከል አሮጌ የናፍጣ ሞተር ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። ይባስ ብሎ ለዳገቱ ጉልበት ይገኛል እየተባለ የፖምፓው ብሎን ነዳጅ ወደሚያበዛበት በኩል ይዞራል። እንዲህ ሲሆን ከጉልበቱ ይልቅ ጭሱ ይጨምራል። ጥቁር ጭስ ማለት ባለቤቱ በገንዘቡ ገዝቶት ሥራ ሳይሠራለት በአየር ላይ የተበተነ ናፍጣ ነው።

ጉዳቱ ግን በገንዘብ ብቻ አያልቅም። በጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ኦክሲጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይያያዛል። ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ተዋሕደው ዓይንን የሚያቃጥልና ሳንባን የሚጎዳ ጉም ይሠራሉ። የናፍጣ ጥላሸት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ እስከ ሳንባ ውስጠኛ ክፍል ይዘልቃል፤ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣን ጭስ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት መፈለግ የተጀመረው በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሪ ሃገን ስሚት የተባሉ ኬሚስት ከተማዪቱን የሸፈነው ጉም ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካ የሚወጣ ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ የሚሠራው መሆኑን በምርምር አሳዩ። በካሊፎርኒያ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ የተገጠመው የመጀመሪያው መሣሪያ አንድ ትንሽ ቫልቭ ነበር፤ ከፒስተን ጎን አምልጦ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርደውን ጋዝ ወደ ማቃጠያው ይመልሳል። ይህ ቫልቭ ዋጋው ትንሽ፣ ተነቅሎ የሚገባውም በእጅ ነው። ስለዚህም እስከ ዛሬ በመኪናዎች ላይ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ መሣሪያ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ነው። በአሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ተገጠመ። አሠራሩን በአገራችን ምሳሌ ብንገልጸው የሽማግሌን ሥራ ይመስላል። ሽማግሌ ሁለት ወገኖችን አስታርቆ ራሱ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲሁም ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉት ውድ ማዕድኖች መርዘኛውን ጋዝ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውሃና ወደ ናይትሮጅን ሲለውጡ እነርሱ ራሳቸው አያልቁም።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ በዚያን ዘመን ከሠራቸው ኮንቨርተሮች ብዙዎቹ በውስጣቸው እንደ አተር ድብልብል የሆኑ፣ በማዕድኑ የተለበጡ ጠጠሮች ነበሩባቸው። ጠጠሩ ሲደክም ከሥር ያለውን ውታፍ ፈትቶ አሮጌውን ማፍሰስና አዲሱን መሙላት ይቻል ነበር። ኋላ ግን የማር እንጀራ በሚመስል፣ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ሸክላ ተተካ። አዲሱ ቀላል ነው፤ ቶሎም ይሞቃል። ነገር ግን በቆርቆሮ ውስጥ ተበይዶ የሚቀመጥ በመሆኑ ለፋብሪካው ሲመች ለጠጋኙ በሩ ተዘጋበት።

ለእኛ አህጉር ሌላም እንቅፋት ነበር፤ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ኮንቨርተሩን ያበላሸው ነበር። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. በዳካር ተስማምተው እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አስወገዱ፤ በ2021 ደግሞ የመጨረሻዪቱ አገር አልጄሪያ ተወችው። ስለዚህ በነዳጁ በኩል የነበረው ትልቁ መከላከያ ተነሥቷል። የቀረው የጥገናው ነገር ነው።

ይህን ለመረዳት በከተማችን ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄደን ነበር። አንድ ሚኒባስ ዳገት አልወጣም ብሎ ቆሟል፤ ምክንያቱም ኮንቨርተሩ ስለ ታፈነ ጭሱ መውጫ አጥቶ ነው። ግራና ቀኙ በብየዳ የታሸገ በመሆኑ የሚከፈትበት ስፍራ አልተገኘም፤ አዲስ ለመግዛትም ዋጋው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ በመጋዝ ተቆረጠና በቦታው ባዶ ቱቦ ተበየደ። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ስለ ምን እንዲህ እንደ ተደረገ አዛውንቱን መካኒክ ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ የሚፈታ ብሎን ቢኖረው እፈታው ነበር» ብለው መለሱልን።

በመካኒኩም በባለ ሚኒባሱም ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። ሚኒባሱ አንድ ቀን ሲቆም የቤተሰቡ እንጀራ አብሮ ይቆማል። ይህም ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት ቤንዚን እንዳይገባባቸው ኮንቨርተር ያላቸው መኪናዎች የነዳጅ መሙያ አፍ ጠባብ ሆኖ ተሠርቶ ነበር። ሆኖም እርሳስ ያለበቱ ቤንዚን ርካሽ ስለ ነበረ ብዙ ሰዎች አፉን እየሰበሩ ያሰፉት ነበር። ሰው መሣሪያው ከኑሮው ጋር የተጣላ መስሎ ከታየው መንገዱን ፈልጎ ያስወግደዋል።

በአሜሪካ ሕግ ከ1995 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው ለኮንቨርተሩ እስከ 8 ዓመት ወይም እስከ 80 ሺህ ማይል፣ ይኸውም 130 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዋስ ይሆናል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ ከምናያቸው መኪናዎች ብዙዎቹ በሌላ አገር አገልግለው የመጡ ናቸው። የፋብሪካው ዋስትና በሚያልቅበት ጊዜ የእኛ አገልግሎት ይጀመራል። መሐንዲሱ ስለ መጀመሪያው ገዢ ብቻ ካሰበ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገዢ፣ በእነርሱም መንገድ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ ረስቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ሊጠገን የሚችል የጭስ ማጣሪያ ምን ዓይነት ይሁን? በአራት ነጥብ እንገልጻለን።

አንደኛ፤ የሚከፈት ይሁን። ሁለቱ ጫፎቹ በብየዳ ሳይሆን በብሎንና በዳዶ ይታሰሩ፤ በመካከሉም የሚለወጥ ጓርኒሲዮን ይግባ። የጭስ ማውጫ ሙቀት ብረትን ከብረት ስለሚያጣብቅ ዳዶው ከናስ ቢሠራ ወይም በመዳብ ቢለበጥ ከዓመታት በኋላም ይፈታል። በብዙ ታላላቅ ካሚዮኖች ላይ የጥላሸቱ ወንፊት በቀለበት መሰል ማሰሪያ ተይዞ፣ የተጠራቀመው አመድ እንዲጸዳ ከቦታው ይወጣል። ለካሚዮን የተቻለ ነገር ለሚኒባስ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

ሁለተኛ፤ ሕመሙን የሚናገር ይሁን። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ በብሎን የሚደፈን ትንሽ ቀዳዳ ቢኖር፣ መካኒኩ ተራ የግፊት መለኪያ አግብቶ የታፈነውን ካልታፈነው ይለያል። በኮምፒዩተር የሚነበበውም ምልክት በአንድ ኩባንያ እጅ ተቆልፎ ከሚቀር ማንኛውም ጋራዥ በርካሽ መሣሪያ እንዲያነበው ክፍት ይሁን።

ሦስተኛ፤ የአገሩን ጠባይ ያወቀ ይሁን። በናፍጣ መኪና የጥላሸት ወንፊት ላይ የተከማቸው ጥላሸት ያለ ሌላ ረዳት ተቃጥሎ እንዲያልቅ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ከገበያ እስከ መናኸሪያ ብቻ የሚመላለስ መኪና ይህን ሙቀት ስለማያገኝ ወንፊቱ ይደፈናል፤ በናፍጣው ውስጥ ድኝ ሲበዛም ችግሩ ይብሳል። ስለዚህ ሠሪው ደጋውን፣ አጭሩን ጉዞና የነዳጁን ዓይነት አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

አራተኛ፤ ከምንጩ የሚጀምር ይሁን። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፣ ማጣሪያውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ከእርሱ በፊት ያለ በሽታ ነው። የሞተ ካንዴላ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ኮንቨርተሩ ይልካል፤ ቤንዚኑም እዚያ ሲነድ የማር እንጀራውን ያቀልጠዋል። የፒስተን ፋሻ ሲያልቅ የሞተር ዘይት እየነደደ ይደፍነዋል። የአየር ፊልትሮ ሲቆሽሽ ጭሱ ይበዛል። እነዚህ ሳይጠገኑ አዲስ ማጣሪያ ቢገዛ እርሱም እንደ ፊተኛው ይሞታል። ስለዚህ ካንዴላውና ፊልትሮው በተራ መፍቻ የሚደረስባቸው ሆነው መሠራታቸው ራሱ ጭስን መከላከል ነው።

ምናልባት «ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መንግሥታችን በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክሏል። ቢሆንም ከዚያ በፊት የገቡት መኪናዎች፣ ካሚዮኖቹ፣ ትራክተሮቹና ኮምባይነሮቹ በአንድ ጀንበር አይለወጡም። ደግሞም የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የማይከፈትና የማይጠገን ከሆነ ያው ችግር በሌላ መልክ ይመለስብናል።

ስለዚህ በትሕትና የምንለምነው ይህ ነው። መኪና ያላችሁ ወላጆች፣ ጭሱ ሲጠቁር ማጣሪያውን ከማስቆረጥ በፊት ፊልትሮውን፣ ካንዴላውንና ፖምፓውን አስመርምሩ። የቴክኒክና ሙያ መምህራን፣ ስለ ጭስ ማጣሪያ ጥገናና ስለ ደጋ ሞተር ማስተካከል አብዝታችሁ አስተምሩ። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የማጣሪያው በቦታው መኖር ብቻ ሳይሆን ሥራውን መሥራቱ ይታይ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ መሐንዲስ ለመሆን የምንመኝ ብዙዎች ነን። አንድ ዕቃ ስንነድፍ የሚገዛውን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ከዓመታት በኋላ ከመኪናው ሥር ተኝቶ መፍቻ ይዞ ቀና ብሎ የሚያየውን ሰው እናስብ። የእርሱ እጅ ሊደርስበት የሚችል ሥራ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን፣ መምህራኖቻችንንና ወላጆቻችንን ይጠብቅልን።