ግራ ዘመም፣ ቀኝ ዘመም፦ ቃሉ ከየት መጣ?

(ለንቅናቄያችን አባላትና ተከታዮች በቀጥታ ስርጭት የቀረበ ንግግር)



የዛሬውን ርእስ ያገኘሁት ከእናንተው ኮመንት ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጽ ላይ አንድ ልጅ ስለ ቤት ኪራይ ጻፈ። መንግሥት ለኪራይ ጣሪያ ያውጣ አለ፣ በቃ ይኸው ነው። ከሥሩ ምን ተባለ? «ይሄ ግራ ዘመም ነው፣ ይውጣልን!» ሌላው ደግሞ ቀጠለና «ብሔርተኛ ማለት እኮ ቀኝ ዘመም ነው፣ ኮሚኒስት ከኛ ጋር ምን ይሠራል?» አለ። ላይኩ ጎረፈ። ልጁ ጽሑፉን አጥፍቶ ወጣ፤ እስካሁን አልተመለሰም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያንን ከጻፋችሁትና ላይክ ካደረጋችሁት ውስጥ ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ስንቱ ነው? እኔም ብሆን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፈተና ሸመደድኩት እንጂ አልገባኝም ነበር። ሥራ ፈላጊ መቼም ጊዜ አያጣም፤ ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት።

ነገሩ የጀመረው በፈረንሳይ፣ ቬርሳይ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1789 ነው። አብዮቱ ፈንድቷል። የሕዝብ ተወካዮች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው አዲስ ሕገ መንግሥት ያረቅቃሉ። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ያፋጠጣቸው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ንጉሡ ሉዊ 16ኛ መሻር ይችላል ወይስ አይችልም? ንጉሡ ሙሉ የመሻር ሥልጣን ይኑረው የሚሉት ከሰብሳቢው ወንበር በስተቀኝ ተሰበሰቡ፤ ሥልጣኑ ይገደብ የሚሉት በስተግራ። በመስከረም 11 ድምፅ ተሰጠ፤ ንጉሡ ሕግን ለጊዜው ማዘግየት እንጂ ጨርሶ መግደል እንዳይችል ተወሰነ። ግራና ቀኝ የሚባለው ነገር መነሻው ይኸው ነው። ያኔ ማርክስ አልተወለደም፤ ኮሚኒዝም የሚባል ቃልም በአዳራሹ አልነበረም።

ከዚያ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የያዘኝ ባሮን ደ ጎቪል የሚባል መኳንንት የጻፈው ነው። ሰውየው መጀመሪያ እዚህም እዚያም እየተቀመጠ ለማንም ሳይወግን በራሱ ሐሳብ ለመቆየት ሞክሮ ነበር። አልቻለም። በግራ በኩል ሲቀመጥ ብቻውን ድምፅ የሚሰጥና የሚጮህበት ሰው ሆነ። በመጨረሻ ጩኸቱን ሸሽቶ ወደ ቀኝ ሄደ። አያችሁ? ሰውየውን ወደ አንድ ወገን የገፋው ክርክር ብቻ አይደለም፣ ጩኸትም ነው። የኛን የኮመንት ሳጥን አላስታወሳችሁም?

ወንበሩ ደግሞ ቋሚ አይደለም። ብሪሶ የሚባል የባሪያ ንግድን ሲቃወም የኖረ ጋዜጠኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1791 በተመረጠው ምክር ቤት በግራ ተቀመጠ። በዓመቱ በሌላ ጉባኤ ተመረጠ፤ አሁን እሱና ጓደኞቹ በቀኝ ናቸው። ንጉሥ ናፋቂ ሆኖ መሰላችሁ? አይደለም። ከእሱ የባሱ ግራዎች ስለመጡ ነው። በጥቅምት 31 ቀን 1793 አንገቱን ቆረጡት።

አሁን ወደ ራሳችን ስም እንምጣ። «ብሔርተኛ ቀኝ ዘመም ነው» ያልከኝ ወንድሜ፣ ስማኝማ። በዚያ አዳራሽ «ሀገሪቱ የንጉሡ ሳትሆን የሕዝቡ ናት» የሚሉት በግራ የተቀመጡት ነበሩ። በ1792 ቫልሚ ላይ የፈረንሳይ ወታደሮች ከወራሪው ጦር ጋር ሲፋጠጡ የጮኹት «ንጉሥ ይኑር» ብለው አይደለም፣ «ሀገር ትኑር» ብለው ነው። ብሔርተኝነት እዚያ ሲወለድ ግራ ነበር። ወደ ቀኝ የተሻገረው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ፈረንሳይ በጀርመን ተሸንፋ አልዛስንና ሎሬንን ካጣች ወዲህ፣ በተለይ በድሬይፉስ ጉዳይ ጊዜ ነው።

በኛም ሀገር ቢሆን የብሔር ጥያቄ በዚህ ስሙ ጎልቶ የወጣው ከግራው የተማሪ ንቅናቄ ነው። ዋለልኝን ብትወደውም ብትጠላውም በ1962 ዓ.ም. የጻፈው እንደ ግራ ተማሪ ነው። «መሬት ለአራሹ» ብለው በ1957 ሰልፍ የወጡትም እነዚያው ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ግራውን ስትረግም አያትህ መሬት እንዲያገኙ የጮኸላቸውንም እየረገምክ ሊሆን ይችላል።

እንዳትሳሳቱ፣ ያንን ትውልድ መልአክ አላደርገውም። ኢሕአፓም ግራ ነበር፣ መኢሶንም ግራ ነበር፣ ደርግም ግራ ነኝ ይል ነበር። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ፤ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሰጠ። በንግግር ሊያልቅ ይችል የነበረውን ልዩነት «አናርኪስት»፣ «ፋሺስት» እየተባባሉ በጥይት ጨረሱት፤ ደርግም ኋላ መኢሶንን ራሱን በላው። ሁሉም በአንድ ወገን ወንበር ላይ ነበሩ እኮ!

አንድ ነገር ልጨምር፣ የቋንቋችን ነገር ነው። እኛ ጋ «ግራ ገባኝ» ይባላል፤ «ቀኝ አውለኝ» ብለን ነው ከቤት የምንወጣው። በማዕረግም ቀኛዝማች ከግራዝማች ይበልጣል። ታዲያ አማርኛ ጆሮ «ግራ ዘመም» ሲሰማ ክርክሩ ሳይጀመር ሰውየው ተፈርዶበታል። «ቀኝ» ሲባል ደግሞ ቀና ይመስለናል። ፈረንሳይ ውስጥ የተነሳው የወንበር ጉዳይ ግን ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

እኔ ዲግሪዬን ይዤ ቤት ተቀምጫለሁ። መንግሥት ሥራ ይፍጠርልኝ ብል ግራ ነኝ? ግብር ቀንሶ ነጋዴው ይቅጠረኝ ብልስ ቀኝ? ሁለቱንም በተለያየ ቀን ብያለሁ፤ እናንተም እንደዚያው ናችሁ ብዬ እገምታለሁ።

ያ ልጅ ስለ ኪራይ ባነሳው ሐሳብ እኔ አልስማማም። ጣሪያ ሲወጣ አከራዩ ቤቱን ከገበያ ያወጣል፣ ወይም ልዩነቱን በጓዳ ይቀበላል ብዬ እፈራለሁ። እሱ ደግሞ መልስ ይኖረው ይሆናል፤ ሳንሰማው አባረርነው።

ወንድሜ፣ ይህን እየሰማህ ወይም እያነበብክ ከሆነ ተመለስ። የፊታችን ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስለ ኪራይ እንወያያለን፤ መድረኩን የምትከፍተው አንተ ነህ። እኔ ተቃዋሚህ ሆኜ እቀርባለሁ።