በለስ፦ ባለውለታም ባላጋራም የሆነ የሩቅ አገር ተክል



በለስ ለሰሜን ኢትዮጵያ አርሶ አደር ቤተኛ ይምሰል እንጂ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው። ወደ ትግራይ የገባው እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቤተሰቡ ካክተስ ሲሆን አባላቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው። ከአገር በቀሉ ቁልቋል ጋር ቢመሳሰልም ዘመዱ አይደለም። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል፤ በለስ ግን ወተት የለውም። መልካቸውን ያቀራረበው ድርቅን የመቋቋም ትግል ነው።

የበለስ ቅጠል የሚመስለው ሰፊ አካል ግንዱ ነው። አየር የሚያስገባባቸውን ቀዳዳዎች በቀን ፀሐይ ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል፤ ውሃ የሚቆጥበው በዚህ ነው። አበባው ለንብ ቀለብ ነው። ፍሬው ጎተራ በሚራቆትበት በክረምት ይደርሳል፤ ግንዱም በድርቅ ዓመት ለከብት መኖ ይሆናል።

በሜክሲኮ አርሶ አደሩ በበለስ ላይ ኮቺኒል የተባለ ጥቃቅን ነፍሳት ያረባ ነበር። ነፍሳቱ ደርቆ ሲፈጭ ደማቅ ቀይ ቀለም ይወጣዋል። በስፔን ቅኝ አገዛዝ ዘመንም ከዋና ዋናዎቹ የወጪ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ነበር።

በአውስትራሊያ የሆነው ሌላ ነው። በለስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከ20 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወረረ፤ ብዙ ገበሬም እርሻውን ጥሎ ሄደ። በ1926 የተለቀቀ የእሳት እራት ዝርያ ግን እጩ በለሱን በልቶ በጥቂት ዓመታት አጠፋው። የቡናርጋ ነዋሪዎች በ1936 ለዚያ ነፍሳት መታሰቢያ አዳራሽ አቆሙ።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ኮቺኒል ለቀለም ምርት ወደ ትግራይ ገባ። ተስፋው ለአርሶ አደሩ ተጨማሪ ገቢ ነበር። ገዥ ሲጠፋ ግን የሚለቅመውም ጠፋ። ነፍሳቱ በራያ አካባቢ ተዛመተና በለሱን ያደርቅ ጀመር። በአውስትራሊያ በለስን ያጠፋ ነፍሳት አዳኝ ተባለ፤ በራያ ግን የቤተሰብን ምግብና የከብትን መኖ ነጠቀ።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ትምህርቱ ግልጽ ነው። አዲስ ዘርም ሆነ አዲስ ነፍሳት ሲመጣ ከውሉ ፊርማ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይነሡ፦ ገዥው ማን ነው? እስከ መቼ ይገዛል? ገዥው ቢሄድ የሚቆጣጠረውስ ማን ነው? አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።