በመስታወት ውስጥ ያሉ ዓሦችና የኛ አማና

(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ዓሣ ነው። ከጫሞ ሐይቅ ተጠምዶ ለምሳ ስለሚቀርብልን ዓሣ ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ በመስታወት ሣጥን፣ ማለትም በአኳሪየም ስለሚቀመጠው ዓሣ። መነሻ የሆነን አንዲት እናት ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ የላኩልን ደብዳቤ ነው።

ባለቤታቸው ከአዲስ አበባ 100 ሊትር ውሃ የሚይዝ አኳሪየም ይዘው መጡ። ጉፒና ሞሊ የሚባሉ 16 ትናንሽ ዓሦች ነበሩት። የ10 ዓመት ልጃቸው አንድ ቀን ከኩልፎ ወንዝ ከጣት ረዘም ያሉ ሁለት የአምባዛ ጫጩቶች ይዞ መጣና “ጓደኛ ይሁኗቸው” ብሎ ጨመራቸው። ማታ ሁሉም ደህና ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሲቆጥሩ ግን 13፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 6 ሆኑ፤ በሳምንቱ 4 ብቻ ቀሩ። አንድም የሞተ ዓሣ አልተገኘም። ልጁ ነገሩ ሲገባው “እኔ ነኝ የገደልኳቸው” እያለ ምግብ ጠላ። አባቱ “የተረፉትን በሙሉ ኩልፎ ወስደህ ልቀቃቸው፣ አጅር ይሆንልሃል” አሉት። ታናሽ እህቱ ደግሞ መስታወቱ ባዶ እንዳይሆን ታለቅሳለች። እናት ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ልጄ ወንጀል አለበት ወይ? መልቀቁስ ይሻላል ወይ? እንደገና እንሙላው ብንል እንዴት አድርገን?

እህቴ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ወንጀል አይጻፍበትም። ልጅዎ ደግሞ በክፋት ሳይሆን ብቸኛ እንዳይሆኑ አስቦ ነው ያደረገው። ያጠረው እውቀት ነው፤ እውቀት ደግሞ ይማሩታል። እዚህ ላይ አቡ ዑመይር የተባለውን ልጅ ታሪክ ቢነግሩት መልካም ነው። አቡ ዑመይር የአነስ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም ነበር። የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞታበት ሲያዝን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወፊቱ በጨዋታ እየጠየቁ አጽናንተውታል። ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ ወፍን የመሳሰለ እንስሳ በቤት ማኖር እንደሚቻል ወስደዋል፤ መብሉና መጠጡ ካልጎደለበትና ካልተሰቃየ ማለት ነው። በሌላ በኩል ድመት አስራ ሳትመግባት፣ ራሷም እንዳትፈልግ ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት የተነገረውን ሁላችንም እናውቃለን። እንስሳን ከዘጋንበት ሰዓት ጀምሮ ኃላፊነቱ የኛ ነው።

አምባዛዎቹስ ጥፋተኛ ናቸው? አይደሉም። አምባዛ በጨለማ የሚያድን ዓሣ ነው። ዓይኑ ባያይ እንኳ በአፉ ዙሪያ ባሉት ረዣዥም ጢሞች እየዳሰሰ ሲሳዩን ያገኛል። ለዚህ ነው በእናንተም ቤት ቁጥሩ ሌሊት ሌሊት የቀነሰው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። በጫሞም አዳኝና ታዳኝ አብረው ይኖራሉ። ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችለው ናይል ፐርች አለ፤ አምባዛ አለ፤ አዞውም አለ። ቆሮሶም አለ። ታዲያ ቆሮሶ እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ? መሸሻ ስላለው ነው። ዳር ዳሩን ትልቁ ዓሣ የማይገባበት ሸምበቆና ቄጠማ አለ፤ ሰፊ ውሃ አለ። እናቲቱ ቆሮሶ ደግሞ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ሱብሐነላህ! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ረሕማን የነገረን ሚዛን በዚህ ሐይቅም ይታያል። በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ግን ሸምበቆውን የነሳነው፣ ስፋቱን የነሳነው እኛ ነን። ስለዚህ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር አስቀድሞ መምረጥም የኛ ሥራ ይሆናል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። የአባትየው ኒያ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኩልፎ ላይ እንዳትለቋቸው። ኩልፎ የሚገባው ጫሞ ነው። ጉፒና ሞሊ የዚህ አገር ዓሦች አይደሉም። ጉፒ በብዙ አገሮች ትንኝ ይበላል ተብሎ ተለቆ፣ የአገሬውን ዓሦች እንቁላልና ምግብ የሚሻማ ሆኗል። ከሱቅ የመጣ ዓሣ በሽታም ይዞ ሊሆን ይችላል።

ትልቁን ምሳሌ ከቪክቶሪያ ሐይቅ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች ወደዚያ ሐይቅ ተወስዶ ተለቀቀ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህም በመቶዎች የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሦች ዝርያዎች ጠፉ ወይም ለመጥፋት ተቃረቡ። ልብ በሉ፣ ይህ ዓሣ በጫሞ ቤተኛ ነው። በጫሞ እንዲያውም የተጎዳው እሱ ነው፤ የመረብ ብዛት ቁጥሩን አሳንሶታል። ዓሣው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ባልተፈጠረበት ውሃ ሲገባ ጥፋት ሆነ። በመልካም ሐሳብ የተለቀቀ ዓሣም ተመልሶ አይለቀምም።

ሁለቱ አምባዛዎችስ? ከሱቅ ዓሦች ጋር አንድ ውሃ ስለተጋሩ እነሱንም ወደ ወንዙ አትመልሷቸው። ዛሬውኑ ለይታችሁ ክዳን ባለው ሰፊ በርሜል አስቀምጧቸው፤ አምባዛ ዘሎ ይወጣል። የዓሣ ኩሬ ያለው ገበሬ ካገኛችሁ አስረድታችሁ ስጡት። ካልሆነም ሲያድጉ ሐላል ምግብ ናቸው። በከንቱ መጣል ግን አይገባም። ትናንሾቹን ዓሦች “ሲበላቸው እንይ” ብሎ ለመዝናኛ መጣልም እንዲሁ ነውር ነው፤ እንስሳን መጫወቻ አድርጎ ማሰቃየትን ሸሪዓችን ይከለክላል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ፣ እንደገና ስለ መሙላት። በኮሌጅ ባዮሎጂ ከመማሬም በላይ እኔ ራሴ ዓሣ አኑሬ ስላጠፋሁ የምነግራችሁን በሁለቱም ተምሬዋለሁ።

አንደኛ፣ የአፍ ሕግ። ባሕርይው ሰላማዊ ይመስል እንጂ፣ አንዱ ዓሣ በሌላው አፍ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አንድ ቀን መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ሲገዙ የዛሬ መጠኑን ሳይሆን ሲያድግ የሚደርስበትን ጠይቁ። ሱቅ ውስጥ ሁለት ጣት የሚያህለው ኦስካር 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ 100 ሊትር ለእሱ እስር ቤት ነው። ኤንጀልፊሽ ውብ ነው፤ ሲያድግ ግን ኒዮን ቴትራን ይበላል፣ የጉፒንም ጫጩት አይምርም። ከጫሞ የመጣ ቆሮሶም ለዚህ አይሆንም፤ ያድጋል፣ አሸዋ ይቆፍራል፣ ክልሉን ለማስከበር ይጣላል።

ሁለተኛ፣ አዳኝ ማየት የፈለገ ሰው ለአዳኙ ብቻ ቤት ይሥራ። ሰፋ ያለ፣ 250 ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ፣ በመጠን የሚመጣጠኑ ጥቂት ዓሦችና የሚደበቁበት ድንጋይ ያስፈልጋል። የሱቅ ደረቅ ምግብ እንዲበሉ ማልመድ ይቻላል። በናንተ መስታወት ግን ሰላማዊዎቹን ብቻ አኑሩ፦ ጉፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲ፤ ከታች ለታች ደግሞ ኮሪዶራስ የተባሉ ትናንሽ ዓሦች፣ እነሱም ስድስት ያህል ሆነው። ለአንድ ወንድ ጉፒ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ይሁኑ፤ አለዚያ ወንዶቹ ሴቶቹን እረፍት ይነሷቸዋል። ወላጆቹ የራሳቸውን ጫጩት ስለሚበሉ ችምችም ያለ የውሃ ተክል አትርሱ። ያ የናንተ ሸምበቆ ነው።

ሦስተኛ፣ አትቸኩሉ። የዓሣ ኩስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል። ይህን የሚያከስሙት በፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በአዲስ አኳሪየም እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። የናንተው አራት ዓሦች ስላሉት ባክቴሪያዎቹ አልሞቱም፤ ሆኖም 12 ዓሣ በአንድ ቀን ብትጨምሩ አይችሉትም። መጀመሪያ አራት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ አራት ጨምሩ። አዲሶቹን ሁለት ሳምንት በሌላ ዕቃ አቆይታችሁ በሽታ እንደሌለባቸው እዩ።

አራተኛ፣ ውሃው። በየሳምንቱ ሩቡን ብቻ ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ሙሉ ቀን ከፍታችሁ አስቀምጡት። ስፖንጁን በቧንቧ ሳይሆን ከመስታወቱ በወጣው ውሃ እጠቡት፤ ያወጣችሁትን ውሃ ለሽፈራው ወይም ለሙዙ ስጡት፣ ይወደዋል። የአርባ ምንጭ ሙቀት ከባድ ስለሆነ መስታወቱ ፀሐይ አይንካው፤ የሞቀ ውሃ አየር ያንሰዋል። መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጡ፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለ ውሃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት።

አምስተኛ፣ ምግብ። እኔን የጣለኝ ይህ ነው። በአንድ ረመዳን እኔ ሳፈጥር እነሱም ይብሉ እያልኩ በኢፍጣርም በሱሑርም ጨመርኩላቸው። የተረፈው በሰበሰ፣ ውሃው ነጣ፣ በሳምንት ውስጥ ሰባት ዓሦች ሞቱብኝ። በልቼ አዝኜላቸው ነበር፤ ግን ያዘንኩት ለራሴ እንጂ ለእነሱ አልነበረም። በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ስጡ።

እህቴ፣ ሥራውን ለልጅዎ ይስጡት። ደብተር ይያዝ፤ ውሃ የተቀየረበትን ቀን ይጻፍ፣ ጠዋት ጠዋት ይቁጠር። ቁጥሩ ሲቀንስ ያለቀሰ ልጅ ቁጥሩ ሲጸና ማየት አለበት። አንድ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ አባቱ ወደ ጫሞ ዳር ይውሰደውና ሸምበቆውን ያሳየው፤ እነዚያ ትናንሽ ዓሦች ሳሎን ውስጥ ያጡት ምን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ላለው ነፍስ ሁሉ የምናዝን፣ አዝነንም የምናውቅ ያድርገን። ለዛሬ በዚህ እንሰነባበት። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።