ከጫፉ በላይ ተራራ የለም፦ የአየር ሙቀት መጨመርና ቀይ ቀበሮ
(በመርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ሲነሣ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው በሚቀልጥ በረዶ ላይ የቆመው የዋልታ ድብ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በራሳችን ብርዳም አገር ስለሚኖረው ቀይ ቀበሮ ነው። መነሻዬም ከዚህ አዳራሽ ብዙ የማይርቀው እህል በረንዳ ነው።

እዚያ በጆንያ የሚራገፈው ገብስ የደጋ እህል ነው። ወደ ተራራው አናት እንዳይወጣ የሚያግደውም ውርጭ ነው። አየሩ ሲሞቅ ውርጩ ያፈገፍጋል፤ እርሻውም ሽቅብ የመውጣት ዕድል ያገኛል። ማሳውን ተከትለው ሰው፣ ከብትና ውሻ ይወጣሉ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ምግቡ በዋናነት የውርጭ ምድር አይጥና ፍልፈል ነው።

አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ቢጨምር፣ የቀድሞውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ከ300 ሜትር በላይ መውጣት ያሻል። የሳነቴ አምባ ከፍታ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የባሌ የመጨረሻው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ተራራ በወጡት ቁጥር ይጠባል፤ ከጫፉ በላይ ደግሞ መሸሻ የለም።

ከሙቀቱ ቀድሞ የሚደርሰው ግን ውሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀበሮዎች ፈጅቷል።

ይህን ስል ገበሬውን መክሰሴ አይደለም። መሬት ያጠረው ሰው ሽቅብ ቢያርስ አይፈረድበትም። በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጋ፣ በስምምነት እየከፈተ ለዘመናት ኖሯል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም፣ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጥሏል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ዛሬ በዚያ አሉ።

ሙቀቱን ብቻችንን መግታት አንችልም። ውሻን መከተብና የእርሻን ወሰን ከባለመሬቱ ጋር መክሮ መወሰን ግን በእጃችን ነው።

ተማሪዎች ሆይ፤ ወደ እህል በረንዳ ስትሄዱ የገብሱን ዋጋ ብቻ አትጠይቁ፤ ከየትኛው ከፍታ እንደ መጣም ጠይቁ። ጥናታችሁ ከዚያ ሊጀምር ይችላል።