ጅቡቲ ሲቀዘቅዝ

ብዙዎቻችን ጅቡቲን የምናውቃት በወደቧና በሙቀቷ ነው። በበጋቸው፣ ማለትም በኛ ክረምት፣ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሲነሳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይሻገራል። ያኔ አቅም ያለው የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አርታ ይወጣል።

ከኅዳር እስከ ጥር ግን ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይለዝብና ጎብኚው ከአርታ ግርጌ ወዳለው የባሕር ዳርቻ ይወርዳል። የሚስበው ዓሣ ነባሪ ሻርክ ነው፤ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ። በዚህ ወቅት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይበዛሉ። ሻርኩ አፉን ከፍቶ ውኃውን እያጠለለ እነዚህን ይመገባል እንጂ ሰው አያድንም። ወደዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው። እባካችሁ፣ አብራችሁ ስትዋኙ አትንኳቸው፤ መንገዳቸውንም አትዝጉ። ጀልባ ነጂውንም ቀስ እንዲል ንገሩት፣ የሞተሩ ስለት ቆዳቸውን ክፉኛ ያቆስላል።

ተራራ ለሚወድ ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የጎዳ ተራሮች አሉ። በዚያ ባለው የዴይ ደን በኛም ደጋ የምናውቀው ጽድ ይበቅላል። ብዙው መድረቁ ያሳዝናል፤ ከጅቡቲ በቀር የትም የማይገኘው የጅቡቲ ቆቅ ዋና መጠለያው ይኸው ደን ነውና።

ገናና ጥምቀት የሚውሉት በዚሁ አየሩ በሚለዝብበት ወቅት ነው። ለበዓል ዕረፍት ጉዞ የምታስቡ፣ ጊዜው ይህ ነው።